ጾሙን የጠበቀ ኬክ

ፍራንክፈርት የገባሁት ከ11 ዓመት በፊት በኅዳር ነው። የመጀመሪያውን የፈረንጅ ገና ያሳለፍኩት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ብቻዬን ነበር። ዋዜማው ሆይ ሆይታ ያለበት መስሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ሱቁ ሁሉ ተዘጋ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገባ፣ መንገዱ ጭር አለ። መስኮት ላይ ቆሜ ባሕር ዳር ላይ ከሐይቁ ዳር ያለውን ዘንባባ እያሰብኩ አለቀስኩ።

ማታ ላይ በሬ ተንኳኳ። ከእኔ በታች የሚኖሩት አሮጊት ናቸው። በእጃቸው ትንሽ ሳህን ይዘዋል፤ ሳህኑ ላይ ሁለት ቁራጭ ኬክ አለ። ጠቆር ያለ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ የሚሸት ኬክ። ቋንቋ የለኝም። ጾም ላይ ነኝ፤ ኬኩ ደግሞ ቅቤና እንቁላል እንዳለበት ያስታውቃል። አልቀበልም ማለት ነውር ነው። መብላትም አይሆንልኝም። ተቀበልኩ፣ እጅ ነሳሁ፣ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ቁራጮቹን በፎይል ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

ቀኑ ታኅሣሥ 15 ነበር። ገና ሊደርስ 14 ቀን ቀርቶታል።

ታኅሣሥ 29 ሌሊት ከቅዳሴ ስመለስ ትዝ አለኝ። ይደርቃል፣ ምናልባትም ሻግቷል ብዬ ነበር። ፎይሉን ስፈታው ክፍሏ በብርቱካንና በቅርንፉድ ታወደች። ኬኩ እርጥብ ነው። ለስላሳ ነው። ጾሜን የፈታሁት በእሱ ነው፤ ቁጭ ብዬ፣ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ።

በኋላ እንደገባኝ እንዲህ ያለው ኬክ ቢቆይ ይሻለዋል። ቅቤውና ስኳሩ እርጥበቱን ይዘው ያቆያሉ። የቅመሙ ዘይት ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ቅቤው ይገባል። በተጋገረ ዕለት ቀረፋው ለብቻው፣ ቅርንፉዱ ለብቻው ይቀመሳል። ከሳምንት በኋላ አንድ ጣዕም ይሆናሉ።

አሮጊቷን ኦማ ነው የምላቸው። በጀርመንኛ አያት ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት ቋንቋው ትንሽ ሲፈታልኝ የጾሙን ነገር ነገርኳቸው። የእኛ ገና በእነሱ ጃንዋሪ 7 እንደሚውል፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ወተት እንደማንነካ። ዝም ብለው ሰሙኝ። በዚያው ዓመት ከኬካቸው ጫፍ ቆርጠው፣ በፎይል ጠቅልለው፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ቀን ጽፈው አመጡልኝ፦ 7.1። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አላቋረጡም። በሰው አገር ስኖር «ቀንሽን አውቄልሻለሁ» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

በሦስተኛው ዓመት ወጥ ቤታቸው ገብቼ አብሬ ጋገርኩ። ቅመሙ አላስቸገረኝም፤ ሁሉም የእናቴ ጓዳ ውስጥ ያለ ነው። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል፣ ሄል። ያልገባኝ ከትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ የሚያወጡት ነገር ነበር። አረንጓዴ፣ በስኳር የበሰለ፣ መስታወት የመሰለ ድቡልቡል። ስሙ ሲትሮናት ነው። ዱባ ነው? ሐብሐብ? ኦማ ሳቁና አንድ የቆየ የዕፅዋት መጽሐፍ አወጡ። ገልጠው ሥዕሉን አሳዩኝ። ትልቅ፣ ቢጫ፣ ቆዳው የተጨማደደ፣ ሲቆረጥ ነጩ ወፍራም የሆነ ፍሬ።

«ትርንጎ!» ብዬ ጮህኩ።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምንበላው ትርንጎ። ነጩን በጥርሳችን እየላጥን፣ እጃችን እስኪሸት። ጣሊያን ካላብሪያ ውስጥና ኮርሲካ ደሴት ላይ ያበቅሉታል። በስኳር ተቀቅሎ ለበዓል ኬክ በመላው አውሮፓ ይሸጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ ትርንጎ እየበላሁ አላወቅሁትም ነበር። ለእናቴ ደውዬ ብነግራት «እና ልጣጩን ነው የሚበሉት?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ይህን ኬክ ባሕር ዳር፣ በእናቴ ቤት፣ በራሳችን ትርንጎ እጋግራለሁ።

ባለፈው ዓመት ረዘም ያለ ፈቃድ አግኝቼ በኅዳር መጨረሻ ገባሁ። ሻንጣዬ ውስጥ የኦማን ሞላላ መጋገሪያ ይዣለሁ።

በነጋታው ቅዳሜ ስለነበር ከእማዬ ጋር ገበያ ወጣን። ኮረሪማው በገመድ ተሰክቶ ተንጠልጥሏል። ትርንጎ የምትሸጠው ሴት ሦስት ብቻ ቀርቷታል፤ ከዘጌ በጀልባ የመጣ ነው አለችን። እዚያ ቡናውም፣ ጌሾውም፣ ሎሚውም ጫካ ውስጥ አብሮ ይበቅላል። አንዱን አንስቼ ጥፍሬን ቆዳው ላይ ጫን አደረግሁት። ያ ሽታ! ዓይኔ እንባ ሞላ። ሴትዮዋ ደንግጣ «ምነው እታለም፣ ዓይንሽ ገባ እንዴ?» አለችኝ።

ትርንጎን በስኳር ማብሰል ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ከባድ አይደለም። በቁመቱ አራት ቦታ ከፍዬ ውስጡን አወጣሁት። ልጣጩን ከነነጩ በውሃ አፍልቼ ውሃውን ደፋሁ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ፤ መራራነቱ የሚወጣው ያኔ ነው። ከዚያ ስኳርና ውሃ እኩል ለካሁና አንድ ሎሚ ጨምቄ ጨመርኩ። ሎሚው ስኳሩ ተመልሶ እንዳይጠጥር ይረዳል። በቀስታ እሳት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል። ነጩ ብርሃን ማሳለፍ ሲጀምር ደርሷል። ወንፊት ላይ ሁለት ቀን አደረቅሁት። እማዬ የቀረውን ሽሮፕ በጠርሙስ ገልብጣ ለሻይ አስቀመጠችው።

ጭንቁ ከዚህ በኋላ መጣ። ኬኩ ቅቤና እንቁላል ይፈልጋል፤ ቤቱ ደግሞ ጾም ላይ ነው። እማዬ መጀመሪያ ደስ አላላትም። «በጾም ቤቴ እንቁላል ይሰበራል?» ብላ ዞር አለች። አልተጫንኳትም። ማታ ላይ ራሷ መጣች። «ለበዓል እስከሆነ ድረስ ይሁን። ግን ማንም እንዳይቀምስ፤ አንቺም።» የሙከራውን ለጎረቤት ሕፃናት ልንሰጥ ተስማማን፤ ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው።

የመጀመሪያውን ልክ እንደ ኦማ ጋገርኩ። 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 180 ግራም ቅቤ፣ 200 ግራም ስኳር፣ አራት እንቁላል፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። መብራት ማታ ማታ ስለሚሻል ከሦስት ሰዓት በኋላ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። በ20 ደቂቃ ከመጋገሪያው አፍ በላይ ወጣ። ደስ አለኝ። በ30 ደቂቃ መሐሉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሰመጠ። ሳወጣው ጫፉ ደርቋል፣ መሐሉ ሊጥ ነው።

እማዬ በሕይወቷ ኬክ ጋግራ አታውቅም። ጎንበስ ብላ አየችውና «ቸኩሎ ነው የወጣ» አለች። «ድፎም ሊጡ ቸኩሎ ከተነሣ እንዲህ ያደርገዋል።»

ልክ ነበረች። ፍራንክፈርት ከባሕር ጠለል በላይ 110 ሜትር ገደማ ናት። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል። ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ የሚጫነው ስለሚያንስ ቶሎ ያብጣል። ዱቄቱና እንቁላሉ ሳይረጋ ሊጡ ጫፍ ይደርስና ደጋፊ አጥቶ ይወድቃል። ውሃም እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል። ሐይቁ አጠገባችን ስላለ ቆላ ያለን ይመስለናል እንጂ ከፍ ብለን ነው የምንኖረው።

ለሁለተኛው ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሩብ አወረድኩ። ስኳሩን 170 ግራም አደረግሁት፤ ስኳር ሲበዛ ሊጡ እንዳይረጋ ያዘገየዋል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨመርኩ። እሳቱን ከ180 ወደ 190 ከፍ አደረግሁ። ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። የጎረቤት ልጆች በአንድ ጊዜ ጨረሱት። አንዷ ትርንጎውን ብቻ እየለቀመች ስትበላ ቆሜ አየኋት።

ለገናው የሚሆነውን ታኅሣሥ 18 ጋገርን። «ጋገርን» ያልኩት እማዬ ስለገባችበት ነው። ለጋ ቅቤ አስመጥታ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ አጠበችው፤ አሬራው ካልወጣ ይሸታል። ንጥር ቅቤ ይሁን ያለች ጎረቤት ነበረች፤ እማዬ እንቢ አለች። ኮሰረትና አብሽ ከብርቱካን ጋር ምን አገናኘው? ሄሉንም አስተወችኝ። «ኮረሪማ እያለ?» ዛላውን ፈልፍላ፣ ፍሬውን ምጣድ ላይ ለብ አድርጋ፣ ሙቀጫ ውስጥ ወቀጠችው። ኮረሪማ ከሄል ጋር ዘመዳም ነው፤ ሁለቱም ከዝንጅብል ወገን ናቸው። የኮረሪማው ግን ረጋ ያለ፣ ትንሽ ጭስ ጭስ የሚል መዓዛ ነው። ለዚህ ኬክ ከሄል ይበልጣል። ይህን ለኦማም ደፍሬ እነግራቸዋለሁ።

እኔ ሁለት ብርቱካን በመፈቅፈቂያ ፈቀፈቅሁ። ቢጫውን ብቻ፤ ነጩ ይመራል። የተፈቀፈቀውን ስኳሩ ላይ አድርጌ በጣቴ አሸሁት። ስኳሩ የልጣጩን ዘይት ይመጠዋል፣ መዓዛው ወደ ኬኩ ሁሉ ይደርሳል። ከዚያ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ ኮረሪማ፣ ግማሽ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድ ሩብ ብቻ። ትርንጎውን 100 ግራም ያህል በትንንሹ ከትፌ፣ ወደ ታች እንዳይዘቅጥ ዱቄት ነስንሼ ጨመርኩ።

ሊጡ ሲያልቅ እጄ ሳላስበው ወደ ማንኪያው ሄደ። እማዬ እጄን ያዘችኝ።

«ሳልቀምስ እንዴት አውቃለሁ? ቅመሙ ቢያንስስ?» አልኳት።

«ልጄ፣ የገናን ዶሮ ወጥ ሃምሳ ዓመት የሠራሁት ቀምሼ ነው እንዴ?»

ዝም አልኩ። ልጅነቴን ሙሉ ያየሁት ነገር ነው፤ እንዲህ አስቤው ግን አላውቅም። የዋዜማ ዕለት ሌሊቱን ድስት ላይ ጎንበስ ብላ፣ እንፋሎቱን በእጇ ወደ ፊቷ እያመጣች፣ ዓይኗን ጨፍና ጨው የምትለካ እናት። የአገሬ ሴቶች በየበዓሉ ዋዜማ እንዲህ ነው የሚያበስሉት። እማዬ ሳህኑን ተቀብላኝ ጎንበስ አለች። ቆየች። «ዝንጅብሉ አንሷል» አለች። ሩብ ማንኪያ ጨመርን።

በ55 ደቂቃ ስንጥር ሰክቼ ሳወጣው ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሲቀዘቅዝ በፎይል ጠቅልለን ሞሰብ ውስጥ አስቀመጥነው። እማዬ በየሁለት ቀኑ ክዳኑን አንሥታ ታሸተዋለች። «ዛሬ ቀረፋው ዝቅ አለ» ትለኛለች። «ዛሬ ትርንጎው መጣ።»

ገና ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሰን መጀመሪያ ድፎው ተባርኮ ተቆረሰ፣ ዶሮው ወጣ። ኬኩ ከቡና ጋር መጣ። እማዬ ቢላዋውን ተቀበለችኝ። ለማንም ሳታቀርብ፣ ራሷም ሳትቀምስ፣ ከጫፉ ወፈር ያለ ቁራጭ ቆርጣ በፎይል ጠቀለለች።

«የሴትዮዋ ነው» አለች። «ቀን ጻፊበት።»

«እማዬ፣ የእነሱ ገና እኮ አለፈ።»

«የኛን ጻፊበት።»

ታኅሣሥ 29 ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ለእኛ ቆረሰች። ዝንጅብሉ ልክ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ጥር 3 ወደ ፍራንክፈርት ሲመለስ ይዞት ሄደ። በማግሥቱ አደረሰላቸው፤ ከተጋገረ 16ኛ ቀኑ ነበር። ማታ ኦማ ደወሉ። ፊደሉን ማንበብ ባይችሉም ቀን መሆኑ ገብቷቸዋል። አንድ ቁራጭ በልተው ሁለተኛውን ይዘው ነበር የሚያወሩኝ። ስለ ኮረሪማው ልነግራቸው ስል አቋረጡኝ።

«ቆይ» አሉኝ። «ሲትሮናቱ የዕቃው አይደለም። ይሄ ፍሬውን ነው የሚሸተው። ከየት አመጣሽው?»

ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት። በአማርኛ መለሰችላቸው።