ደብሊውኤስኤስ ከስክሪፕት ስትከፍቱ ሰዓቱንም እዩት

በፓይተን ዌብሶኬት (ከሰርቨር ጋር ክፍት ሆኖ የሚቆይ፣ ሁለቱም ወገን የሚልክበት መስመር) መክፈት ራሱ ምንም አይከብድም፣ አድራሻውን በደብሊውኤስኤስ (wss://፣ የተመሰጠረው ዌብሶኬት) ትጀምሩታላችሁ፣ ፖርት ካልነገራችሁት 443 ነው የሚይዘው፣ መጀመሪያ ቲኤልኤሱ (መስመሩን መመስጠሩና የሰርቨሩን ማንነት ማረጋገጡ) ያልቅና ከዛ ተራ ኤችቲቲፒ ጥያቄ ይሄዳል፣ ሰርቨሩ 101 ብሎ ከመለሰ በቃ መስመሩ ተከፈተ።

ጉዱ ያለው ሰርተፊኬቱ ጋ ነው፣ ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይበት፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይጸናል የሚል መታወቂያ ማለት ነው። እዚህ ባህር ዳር መብራት ሄድ መጣ ይላል፣ የኔ ስክሪፕት ደሞ ያለው ራስቤሪ ፓይ 4 የምትባል ትንሽዬ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ እሱ በባትሪ የሚሄድ ሰዓት የለውም፣ ስለዚህ ሲነሳ ወደኋላ ቀርቶ ነው የሚነሳው። በዛ መሃል ሰርተፊኬቱ ታድሶ ከሆነ ስክሪፕቱ «ገና አልጸናም» ብሎ እምቢ ይላል! ሰው ሁሉ የሚመክራችሁ ማረጋገጫውን አጥፉት ነው፣ ኧረ በናታችሁ፣ መልእክቱ መመስጠሩ አይቀርም ግን ማንም መሃል ገብቶ ሰርቨሩ እኔ ነኝ ቢል ስክሪፕታችሁ እሺ ጌታዬ ነው የሚለው።

ይልቅ ስክሪፕቱ ከኤንቲፒ (በኔትወርክ ሰዓት ከሚያስተካክለው) ትክክለኛ ሰዓት እስኪመጣ ይጠብቅ፣ ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው) ላይ ታይም ሲንክ ታርጌት (time-sync.target) የሚባለውን አስቀድሙለት፣ ሰዓቱ እስኪስተካከል የሚጠብቀውን ሰርቪስም (systemd-time-wait-sync) አብሩት። ዌብሶኬትስ (websockets) የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ካልነካችሁት በየ20 ሰከንዱ ፒንግ («አለህ ወይ» የሚል አጭር መልእክት) ስለሚልክ የሞተ መስመር ይታወቃል፣ ኮኔክቱን (connect) በኤሲንክ ፎር (async for) ከጻፋችሁት ደሞ መብራት ተመልሶ ዋይፋዩ ሲነሳ ራሱ ይገናኛል።