ተርብ ገዝቶ መልቀቅ ያዋጣል ወይ?

ተባይን በተፈጥሮ ጠላቱ ስለ መቆጣጠር ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ከመድኃኒቱ አይወደድም?» አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። የአንድ ቀን ርጭትን ከአንድ እሽግ ነፍሳት ጋር ካስተያያችሁት ኬሚካሉ ያሸንፋል። ግን ማወዳደሪያው ራሱ ልክ አይደለም። መድኃኒቱ ተረጭቶ ያበቃል፤ ነፍሳቱ ከተመቻቸው እዚያው ይራባሉ።

የቅጠል ጭማቂ የምትመጠውን ጥቃቅን ተባይ፣ ነጭ ዝንብን እንውሰድ። ግሪንሃውስ ውስጥ ቲማቲም የሚያመርቱ ሰዎች ኤንካርሲያ ፎርሞሳ የምትባል ተርብ ይገዛሉ። አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም፣ ሰው አትነድፍም። ገና ሳትፈለፈል ትንሽ ካርቶን ላይ ተለጥፋ ትመጣለች፤ ካርቶኑን ተክሉ ላይ ማንጠልጠል ነው፣ በቃ። ስትወጣ እንቁላሏን በነጭ ዝንቡ ግልገል ሰውነት ውስጥ ትጥላለች። ከቀናት በኋላ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ብታዩ ነጣ ያለው ግልገል ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ጥቁሩ እየበዛ ከሄደ ሥራው ይዟል ማለት ነው።

ገንዘቡ የሚባክነው ሰዓቱ ሲያልፍ ነው። ቅጠሉ ሲነካ ዝንቡ ብን ብሎ የሚነሳበት ደረጃ ከተደረሰ በኋላ ተርብ መግዛት ብር መበተን ነው፤ መለቀቅ ያለባት ገና አንድ ሁለት ዝንብ ሲታይ፣ ያውም ተደጋግሞ ነው። ሌላው ጣጣ ደግሞ ቀድሞ የተረጨው መድኃኒት ነው። አንዳንዱ ቅጠል ላይ ለሳምንታት ይቆይና ተርቧን ይፈጃታል፣ ከዚያ «ሞክሬው ነበር፣ አይሠራም» ይባላል።

ቅጠል የሚበላ ትልን ለመግደል የሚረጨው፣ ቢቲ የሚባለው ባክቴሪያም እንዲሁ ያለ ኃጢአቱ ይታማል። ትሉ በልቶት ካልዋጠው ምንም አያደርገውም። ከበላው ደግሞ መብላቱን ቶሎ ያቆማል እንጂ ወዲያው አይረግፍም፣ ለመሞት ቀናት ሊወስድበት ይችላል። ገበሬው በማግስቱ መጥቶ ትሉን በሕይወት ያየውና ጠርሙሱን ይወረውራል። ፀሐይ ስለሚያበላሸው ወደ ማታ መርጨት ይሻላል፣ ትሉም ገና ትንሽ ሳለ።

አሁን ወደ ትልቁ ሒሳብ። በ1970ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ተባይ ሥሩ የሚበላውን የአፍሪካን ካሳቫ ሊያጠፋው ደርሶ ነበር። የነፍሳት ተመራማሪው ሐንስ ሄረን የሚመሩት ቡድን የተባዩን የትውልድ አገር ጠላት ሲያፈላልግ ቆይቶ በ1981 ፓራጓይ ውስጥ የተገኘች ተርብ አስመጥቶ ለቀቀ። ተርቧ ከሃያ በላይ አገሮች ውስጥ ተስፋፋች። ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ወጪና ትርፉን ያሰሉ ተመራማሪዎች ለወጣው አንድ ዶላር ከ100 ዶላር በላይ ጥቅም ተገኝቷል ብለዋል። ገበሬው የከፈለው ዜሮ ነው፣ ብዙው ተርቧ መኖሯን እንኳ ሳያውቅ። ግን አንዴ ተለቅቆ ራሱን በራሱ የሚያስፋፋ ነገር ደግሞ ደጋግሞ አይሸጥም፣ ስለዚህ ኩባንያ አይጓጓለትም። የሕዝብ ገንዘብ ካልገባበት አይጀመርም።

አውስትራሊያ በ1935 የሸንኮራ አገዳ ጥንዚዛን ይበላልኛል ብላ ያስገባችውን ጉርጥ የሚያነሳ ሰው አይጠፋም፣ ትክክልም ነው። ጥንዚዛውን አልቀነሰውም፣ ጉርጡ ራሱ መቅሠፍት ሆነ። ያገኘውን ሁሉ የሚበላ እንስሳ አምጥቶ መልቀቅ ግን አንድ ተባይ ብቻ መርጣ ከምታጠቃ ተርብ ጋር አንድ አይደለም። ዛሬ ከመልቀቅ በፊት ሌላ ምን ትነካለች ተብሎ የሚመረመረውም ለዚህ ነው፤ ምርመራው ዓመታት ይፈጃል፣ ወጪውንም የሚያንረው አንዱ እሱ ነው።

ለእኔ ርካሹ መንገድ ግን ማንም የማያስተዋውቀው ነው፦ ያሉትን አለመግደል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ መንግሥት መድኃኒቱን እየደጎመ ሩዝ ሲረጭ ሸረሪቶቹና ሌሎቹ አዳኞች አለቁ፣ የሩዙን ጭማቂ የሚመጠው ትንሽ ቡናማ ዘላይ ተባይ ግን እየባሰበት ሄደ። በ1986 ለሩዝ የሚረጩ 57 ዓይነት መድኃኒቶች ታገዱ፣ ድጎማውም ቀስ በቀስ ተነሳ። ምርቱ ግን አልወደቀም።

የማያዋጣበት ቦታም አለ። የተፈጥሮ ጠላት ተባዩን ይቀንሳል እንጂ ጠራርጎ አያጠፋም፣ ካጠፋማ ራሱም የሚበላው አጥቶ ያልቃል። ነጭ ዝንቡ ቫይረስ የሚያስተላልፍ ከሆነ ደግሞ ጥቂቱም በቂ ነው፣ ተርቧ ገና ሥራ ሳትጀምር ተክሉ ይታመማል። እንዲህ ያለ ቦታ መጀመሪያ ገንዘቡን መረብና በሽታ የሚቋቋም ዘር ላይ አውሉት፤ ተርቡን ከዚያ በኋላ ታስቡበታላችሁ።