ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ያሳደርኩት ቢላ

ቡሬ ውስጥ ቶርኖ ቤት ስሠራ ነው። ፋሲካ ሲቃረብ አንድ ባለ ሥጋ ቤት የሥጋ መፍጫ ማሽኑን ቢላ ይዞልን መጣ። አራቱም ክንፎቹ ተበልተው አልቀዋል። «ቅዳሜ ማታ ካልደረሰልኝ ጾሙ ሲፈታ ምን ልሸጥ ነው?» አለ።

አዲስ ቢላ ልንሠራለት ነው፤ አለቃዬ ደግሞ ማግኔት ሳያስነካ ስቴንለስ አያስቆርጥም። የድስቱ ዓይነት ስቴንለስ፣ 304 የሚባለው፣ ኒኬል ስላለበት ማግኔት አይስበውም፤ አግለው ቢነክሩትም አይጠነክርም። ለቢላ የሚሆነው 420 ነው፤ ክሮሙ 13 በመቶ ገደማ፣ ካርቦኑ ከፍ ያለ፣ አግለው ሲነክሩት የሚጠነክር፣ ማርቴንሲቲክ የሚሉት።

ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት ቅርጹን ጨርሼ 1020 ዲግሪ ላይ አግዬ ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ሞረድ ብሞክርበት መስታወት ላይ እንዳለ ተንሸራተተ። በጣም ደስ አለኝ። የቀረው 200 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት ማቆየት፣ ቴምፐር ማድረግ ብቻ ነበር። ግን መሽቷል፤ ማግሥቱ ደግሞ ስቅለት ነው፣ የስግደት ቀን። ቅዳሜ ጠዋት እጨርሰዋለሁ ብዬ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ሄድኩ።

ቅዳሜ አለቃዬ ቢላውን ነጭ ጋዝ ቀባው፤ በጨርቅ አጥብቆ ጠረገው፤ ከዚያ ጠመኔ አሸበት። ዝም ብለን አየን። ከመሐሉ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ጥግ ተነሥታ ወደ አንዱ ክንፍ የምትሄድ፣ ፀጉር የምታህል እርጥብ መስመር ነጩ ላይ ወጣች።

«ቴምፐር ሳታደርገው ነው ያሳደርከው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

አልተቆጣኝም፤ ያ ነው የከበደኝ። ብረቱ በድንገት ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ መውጫ አጥቶ ውስጡ ይታሰራል፣ ብረቱም ጥቂት ያብጣል። ጥንካሬውን የሚሰጠው ይኸው ነው፤ ውጥረቱም ከዚሁ ይመጣል። ለእጅ ለብ እስኪል ጠብቆ ወዲያው ቴምፐር ካላደረጉት ሹል ጥግ ፈልጎ ይሰነጠቃል።

«እንግዲያው በምትኩ የምሠራውን ቢላ 500 ላይ ቴምፐር ላድርገውና ይለስልስ?» አልኩ ፈርቼ። «እዚያማ ክሮሙ ከካርቦኑ ጋር ይያያዝና ዝገት የሚከላከለው ያንሳል፤ ጭራሽ ተሰባሪ ይሆናል። 200 ይበቃዋል» አለኝ።

የአዲሱን ቀዳዳ ጥጎች ክብ አደረግኋቸው። ሁለቱ ሰዓት እስኪሞላ ከምድጃው ሥር አልተነሣሁም። ባለ ሥጋ ቤቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲመጣ ቢላው ገና ለብ እንዳለ ነበር። የተሰነጠቀውን ከምድጃው በላይ በሚስማር ሰቀልኩት፤ ጠመኔውን አልጠረግኩለትም።