ፊቱ የተጣመመ ታካሚ፦ ከግንባር ጀምረን እስከ ዓይን ቆብ የለመድነው

በዚህ ዙር የያዝነው ከስትሮክ ጋር ዘወትር የሚምታታውን ቤልስ ፓልሲን፣ ማለትም የፊት ነርቭ ሲታመም የአንድ ጎን ፊት በድንገት የሚሰንፍበትን ሕመም ነው። ቤተሰብ «ብርድ መታው» ብሎ ያመጣዋል። ጠዋት ሲታጠብ ሳሙናው አንድ ዓይኑን አቃጥሎታል፣ ሻይ ሲጠጣ ከከንፈሩ ጥግ ይንጠባጠባል፣ ከጆሮው ጀርባም ያመዋል። አፉ መጣመሙ ሁሉም የሚያየው ነገር ስለሆነ ብዙ አይነግረንም። የሚለየው ግንባሩ ነው።

«ቅንድብዎን ወደ ላይ ከፍ ያድርጉ» ስንለው የታመመው ጎን ግንባር ለጥ ብሎ ከቀረ ችግሩ ያለው የፊትን ጡንቻዎች በሚያዝዘው በራሱ በሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ ላይ ነው። አፉ ተጣሞ ግንባሩ ግን በሁለቱም በኩል ከተጨማደደ ወደ አንጎል እናስባለን፤ የግንባርን ጡንቻ የሚያዝዘው ክፍል ከሁለቱም የአንጎል ጎኖች ትእዛዝ ስለሚደርሰው አንዱ ጎን ቢጎዳ ሌላው ይሸፍንለታል። እዚህ ላይ መጀመሪያ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ጤነኛው ጎን የታመመውን ቆዳ አብሮ ሲጎትተው «ይንቀሳቀሳል» ብለን ነው። በአውራ ጣት የግንባሩን መሃል ጫን አድርጎ ይዞ ማየት ይህን ስህተት ያስቀራል።

ግንባር ብቻውን ግን አይበቃም። በአንጎል ግንድ ላይ ነርቩ የሚነሳበት ቦታ ከተጎዳ ግንባሩም ይሰንፋል። ስለዚህ ዓይኑን ወደ ውጭ ማዞር መቻሉን፣ እጅና እግሩን፣ ንግግሩንና አረማመዱን ሳናይ «ቤልስ ነው» አንልም።

ቀጥሎ ጆሮ። በጆሮው ቀዳዳ ወይም ቅጠል ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ካለ ራምሴ ሃንት የሚባለው ሌላ ሕመም ነው፤ የሚያመጣው የአልማዝ ባለጭራ ቫይረስ ሲሆን የፀረ ቫይረስ መድኃኒት ይፈልጋል። ለረጅም ጊዜ መግል የሚያፈስ ጆሮ ካለው በዚያው ቀን ወደ ጆሮ ሐኪም። ከጆሮው ፊትና በታች ያለውን የምራቅ እጢ በጣት እንዳስሳለን፤ እብጠት ካለ፣ ወይም ድክመቱ በሰዓታት ሳይሆን በሳምንታት ቀስ እያለ ከመጣ ነርቩን የሚጫን ዕጢ (ቲዩመር) መፈለግ አለበት። ሁለቱም ጎን አንድ ላይ ከሰነፈ ቤልስ ብሎ መላክ አይገባም። የስኳር፣ የደም ግፊትና የኤችአይቪ ምርመራ ለሁሉም እናደርጋለን።

ሕክምናው ርካሽ ነው፤ ችግሩ ሰዓቱ ነው። ነርቩ በጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ ስለሚያልፍ ሲያብጥ መውጫ የለውም። እብጠቱን የሚቀንሰው መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ድክመቱ በጀመረ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ለአዋቂ በቀን 60 ሚሊግራም ለ5 ቀን፣ ከዚያ በየቀኑ 10 ሚሊግራም እየቀነሱ በ10ኛው ቀን መጨረስ። ባለ 5 ሚሊግራም ፍሬ ከሆነ በቀን 12 ፍሬ ለ5 ቀን፣ ከዚያ 10፣ 8፣ 6፣ 4፣ 2፤ በድምሩ 90 ፍሬ። ጠዋት ከቁርስ ጋር ይዋጣል። ታካሚው የፍሬውን ብዛት አይቶ ይደነግጣል፤ ለምን እንደሆነ ካልተነገረው «ይበዛል» ብሎ ራሱ ይቀንሰዋል። ስኳር ያለበት ሰው በእነዚህ ቀናት ስኳሩ ስለሚጨምር በየቀኑ መለካት አለበት። የፀረ ቫይረስ መድኃኒቱ አሳይክሎቪር ብቻውን ለቤልስ አይጠቅምም፤ ድክመቱ ከባድ ሲሆን ከፕሬድኒሶሎን ጋር ይታከላል። የቪታሚን ቢ መርፌ ብቻ ሰጥቶ መሸኘት እነዚያን 72 ሰዓታት ማባከን ነው።

አሁን በጣም ወደምንረሳው፣ ወደ ዓይን። ፊቱ በአብዛኛው ይድናል፤ የደረቀ ኮርኒያ (የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን) ግን ጠባሳ ይይዛል። «ዓይንዎን ቀስ ብለው ይጨፍኑ» ብለን ከጎን እናያለን። ዓይን ከፋቹን ጡንቻ የሚያዝዘው ሌላ ነርቭ ስለሆነ፣ ጡንቻው ሲላላ ቆቡ ትንሽ ይወርዳል፤ ይህን መጨፈን ብለን እንዳንቆጥረው። በኃይል ጨፍኖ ሙሉ በሙሉ ከገጠመ የፊት ድክመትን ከ1 እስከ 6 በሚመድበው በሃውስ ብራክማን መለኪያ 3ኛ ደረጃ ነው፤ ነጩ እየታየ ከቀረ 4ኛ ወይም ከዚያ የከፋ።

ቀን ላይ ሰው ሠራሽ እንባ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ፣ ውጭ ሲወጣ መነጽር። ማታ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጎ አንድ ሴንቲሜትር ያህል የዓይን ቅባት። ከዚያ ቆቡን በጣት ጀርባ አውርዶ፣ መግጠሙን በመስታወት አይቶ፣ በወረቀት ፕላስተር ከላይኛው ቆብ ወደ ጉንጭ ማሰር። ጎዝ ደርቦ መሸፈን አይመከርም፤ ዓይኑ ከሥሩ ሲከፈት ጎዙ ኮርኒያውን ይፍቀዋል። ቅባቱ ቆዳው ላይ ከተረፈ ፕላስተሩ ሌሊት ስለሚላቀቅ ጠርጎ ማድረቅ ይቀድማል። ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመ ወይም ከደበዘዘ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ያን ዕለት ወደ ዓይን ሐኪም።

የመጀመሪያ ቀን በታካሚው በራሱ ስልክ አጭር ቪዲዮ መቅረጽ ጥሩ ልማድ ሆኗል፦ ግንባር፣ ዓይን መጨፈን፣ ጥርስ ማሳየት፣ ጉንጭ መንፋት። በ2 ሳምንት፣ በ6 ሳምንትና በ3 ወር ይደገማል። ማገገሙ በ3 ወር ካልተሟላ ወደ ስፔሻሊስት ይላካል።

ማስቲካ በኃይል ማኘክና የኤሌክትሪክ ንዝረት አናዝም። ነርቩ ሲመለስ መንገድ ሊስት ይችላል፤ ሰውየው ፈገግ ሲል ዓይኑ አብሮ ይጨፈናል። ለዚህ በመስታወት ፊት፣ ዓይኑን ክፍት አድርጎ እየጠበቀ፣ ጥርስ ሳያሳይ በቀስታ ፈገግ ማለትን ይለማመዳል። ዓይኑ መጥበብ በጀመረበት ቦታ ላይ ያቆምና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል።