ዳማ ያልጠየቀው ውሃ

ከትናንት ወዲያ የሰጠሁት መልስ እስካሁን ይከነክነኛል።

አንድ ባለ ጋሪ አባት ዳማ ፈረሳቸውን ይዘው መጡ። ኮምቦልቻ ላይ የግንቦት ፀሐይ አናት ይበሳል። እሳቸው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ብሎኬት ሲያመላልሱ ነው የዋሉት። የፈረሱ ደረት ነጭ አረፋ ለብሷል። (ይህ አረፋ የሚመጣው ላተሪን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ላቡ በፀጉሩ ላይ ተሰራጭቶ ቶሎ እንዲተን ይረዳዋል። ሁሌም ይደንቀኛል።)

"ከሳብኝ ልጄ፤ እስቲ ደሙን እይልኝ" አሉኝ።

ደም ቀዳሁ። ፕሮቲኑ በ100 ሚሊ ሊትር 7 ግራም ሆነ። የጤነኛ ፈረስ ከ6 እስከ 7.5 ገደማ ነው። "አብሽሩ አባባ፣ ደህና ነው" አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ማታ ጋደም ስል ነው የባነንኩት። ፈረሱ እኮ የመጣው ከሥራ ላይ ነው! ፈረስ ሲለፋ ከደሙ ውሃ ከፊሉ ወደ ጡንቻው ይሰርጋል፣ ከፊሉ በላብ ይወጣል። ፕሮቲኑ ግን ትልቅ ስለሆነ እዚያው ደም ሥር ውስጥ ይቀራል። እሳት ላይ እንደቆየ ወጥ ደሙ ይወፍራል። ፕሮቲን ሳይጨመር ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ቀይ የደም ሴሉም ቢሆን ያሳስታል። ጣፊያው ይኮማተርና ያከማቸውን ሴል ወደ ደሙ ይለቀዋል።

በነጋታው ገና ሳይሠሩ ጋሪ ማቆሚያው ድረስ ሄድኩ።

"ውሃ ጠጣ?"

"አቀረብኩለት፤ አሽትቶ ተወው። አልጠማውም።"

አንጀቴን በላው። የፈረስ ላብ ከሰው ላብ ይበልጥ ጨዋማ ነው። ጨውና ውሃው አብረው ስለሚወጡ ደሙ ጨው አይበዛበትም። አንጎሉም "ጠማህ" አይለውም። ሰውነቱ ደርቆ እንኳ ባልዲውን ትቶ ይሄዳል። ስንት ፈረስ ነው "አልጠማውም" እየተባለ ጋሪ የሚጎትተው?

ይህንን ስነግራቸው ሥራውን ተዉት። የቀን ገቢያቸው ነው፤ ግን አላንገራገሩም። ጥቂት ጨው በውሃ በጥብጠን ሰጠነው። ከዚያ ንጹህ ውሃ። ቀስ እያለ ጠጣ፤ ባልዲው ሁለቴ ተሞላ።

ዛሬ ጠዋት፣ አርፎ ካደረ በኋላ፣ ደግሜ ቀዳሁ። 5.6።

ክሳቱ እውነት ነበር። እሳቸው በዓይናቸው ያዩትን እኔ በቁጥር ሸፍኜባቸው ነበር። ነገ ፋንድያውን ይዘው ይመጣሉ፤ መጀመሪያ ትል እፈልጋለሁ።