ክሬዲት ካርዱ ሳይከፈት ክፍያ ከጠየቋችሁ አትክፈሉ

ቨርጂኒያ ውስጥ የአየር ማረፊያ ታክሲ እነዳለሁ። በ2020 መንገደኛ ሲጠፋ ገቢዬም አብሮ ጠፋ፤ የመኪናው ብድር ለወራት ሳይከፈል ቀረ። ያልተከፈለ ወር ከክሬዲት መዝገብ፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ታሪካችን ከሚጻፍበት ሰነድ፣ ላይ እስከ 7 ዓመት አይነሳም። ሥራው ሲመለስ የመዝገቤን ቅጂ መዝገቡን ከሚይዙት ሦስት የክሬዲት ቢሮዎች፣ ከኤክስፔሪያን፣ ከኢኩዊፋክስና ከትራንስዩኒየን፣ በነጻ አወጣሁ። 200 ዶላር አስይዤ የመያዣ ካርድ ወሰድኩ፤ ቤንዚን እየቀዳሁበት በየወሩ ሙሉውን ከፈልኩ። እስከዚህ ድረስ የሚከብድ ነገር አልነበረም።

ያለ መያዣ የሚሰጥ ካርድ መፈለግ ስጀምር «አስቀድመው ተመርጠዋል» የሚል ደብዳቤ በፖስታ መጣልኝ። ደብዳቤውን የሚልኩት የካርድ ኩባንያዎች የስም ዝርዝር ከክሬዲት ቢሮዎቹ ይገዛሉ፤ የእኔን ስም የመረጡትም የክሬዲት ነጥቤ፣ ማለትም የአከፋፈል ታሪኬ የሚለካበት ቁጥር፣ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው። ደውዬ ጠየቅኩ። የብድሩ ጣሪያ 300 ዶላር፣ ዓመታዊ ክፍያው 75 ዶላር ነው አለችኝ ሠራተኛዋ፤ ከሁሉ በፊት ግን 95 ዶላር «የማስኬጃ» መላክ አለብኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «የተለመደ ነው፣ ጌታዬ» ብላ አለፈችው።

የተለመደ መሆኑ ነው የሚያበሳጨው። በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ በመጀመሪያው ዓመት የሚጠየቅ ክፍያ ከብድር ጣሪያው 25 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የ300 ዶላር 25 በመቶ 75 ነው፤ አንድ ሳንቲም አላለፉም። 95ቱ ግን ሂሳቡ ከመከፈቱ በፊት ስለሚሰበሰብ አይቆጠርም። ተቆጣጣሪዎቹ ይህንንም ሊገድቡ ሞክረው ነበር፤ ፍርድ ቤት ሲያግዳቸው በ2013 ደንቡን አሻሽለው ተዉት። ሕጉ የዘጋውን በር ራሳቸው ከፈቱት፤ የሚከፍለውም ድሃው ነው።

ያም ሆኖ 95ቱን ላኩ። ካርዱ ሲደርሰኝ 75ቱ ተቆርጦ የቀረኝ 225 ዶላር ነበር። ምንም ሳልገዛበት የጣሪያው ሩብ ዕዳ ሆኗል። ውሉን ሳነብ ደግሞ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየወሩ የሚከፈል ሌላ ነገር አለበት። ካርዱን ሳልነካው ሰርዙልኝ፣ ገንዘቤንም መልሱ አልኩ። አንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው ያስተላልፈኛል፤ በመጨረሻ «95ቱ አይመለስም» አሉኝ። ይህ ውሸት ነው። ውሉ የደረሰው ሰው ካርዱን ካልተጠቀመበትና ሂሳቡ ላይ ምንም ካልከፈለ ሊተወው መብት አለው፤ እንዲህ ያለው ቀድሞ የከፈለው ክፍያም ይመለስለታል። ለፌዴራሉ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ ካስገባሁ በኋላ ሁሉንም መለሱ። ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልጻፉም።

ከዚያ በኋላ የሄድኩት ወደ ሠፈራችን የቁጠባና ብድር ማኅበር (ክሬዲት ዩኒየን) ነው። እናንተም ከዚህ ጀምሩ። የፌዴራል ፈቃድ ያላቸው ማኅበራት በካርድ ላይ ከ18 በመቶ በላይ ወለድ መጠየቅ አይችሉም። ለዓመታት ሳናጓድል የጣልነውን እቁብ የክሬዲት ቢሮዎቹ አያዩትም፤ የማኅበሩ ሠራተኛ ግን የገቢዬን ማስረጃና የቁጠባ ደብተሬን ተቀምጣ አየችልኝ። ዓመታዊ ክፍያ የሌለው፣ 500 ዶላር ጣሪያ ያለው ካርድ ሰጡኝ። ሌላ ቦታ የምታመለክቱ ከሆነ ነጥብ የማይቀንሰውን ቅድመ ማጣሪያ መጀመሪያ ጠይቁ፤ ሙሉ ማመልከቻ መዝገባችሁ ላይ 2 ዓመት ይታያል።

የመንግሥት ምክር ከጣሪያው 30 በመቶ አትለፉ ይላል። ለእኛ ለተጎዳነው ይህ ብዙ ነው፤ እኔ ከ50 ዶላር በላይ ዕዳ በወርኃዊው መግለጫ ላይ እንዲወጣ አልፈቅድም፤ ከበለጠ መግለጫው ከመውጣቱ በፊት እከፍላለሁ። ወዳጆቼ «ትንሽ ዕዳ ተውበት፣ ነጥብህ ይጨምራል» ይሉኛል። አይጨምርም፤ የሚጨምረው ወለዱ ነው። «አሮጌ ካርድ አይዘጋም» የሚለውንም በየወሩ ገንዘብ ለሚበላ ካርድ አትስሙት። በአግባቡ ተከፍሎበት የተዘጋ ካርድ እስከ 10 ዓመት መዝገቡ ላይ ስለሚቆይ፣ ሌላ እንዳገኛችሁ ዝጉት።