ወተቱና የባትሪ ውሃው

ታናሽ ወንድሜ ባትሪ ቤት ነው የሚሠራው። ያረጀ የመኪና ባትሪ ይፈታል፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ የሚባል መርዛማ ማዕድን አውጥቶ ያቀልጣል። ሥራውን ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። በነዚህ ስድስት ዓመታት ከሥራ ሲወጣ ግማሽ ሊትር ወተት ሳይጠጣ ቤቱ የገባበት ቀን ያለ አይመስለኝም። "መርዙን ያጥብልኛል" ይላል። አሠሪው ነው የነገረው፣ አሠሪውም ከሌላ ሰምቶ ነው። ቀለም ቀቢዎችም ጋራዥ ያሉ ልጆችም ይጠጣሉ። እኔ ራሴ ስደውልለት "ወተትህን ጠጣህ?" ነበር የምለው።

ባለፈው ክረምት ክንዱ ላይ ጭርት ወጣበት። ክብ፣ ዳር ዳሩ የቀላ፣ ሌሊት የሚያሳክክ። እናታችን ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ በጨርቅ አሰረችለት። ጠዋት ሲፈታው ቆዳው ውሃ ቋጥሯል። ከዚያ ሥራ ቦታ አንድ ትልቅ ሰው "ጭርት የሚፈራው የባትሪ ውሃ ብቻ ነው" አሉት፣ እሱም በጥጥ ነክሮ ቀባው። የባትሪ ውሃ እኮ ሰልፈሪክ አሲድ ነው! ቱታው ላይ ያለው ቀዳዳ ሁሉ እሱ ጠብ ያለበት ቦታ ነው።

እሁድ ቤት መጥቶ እጅጌውን አልሰበስብም ሲል ነው የነቃሁት። ጎትቼ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ ቁስሉን እያየች "ሥራህ ምንድነው?" አለችው። ነገራት። ከዚያ ስለ ክንዱ መጠየቋን ተወችና ራስ ምታት አለህ? ሆድህን ይቆርጥሃል? ድርቀትስ? ድካምስ? እያለች ቀጠለች። ሁሉንም አዎ አለ። እኛ ጨጓራ ነው ብለን ስንት ወር ተልባ ስናጠጣው ከርመን ነበር። ደሙ ውስጥ ያለው እርሳስ እንዲመረመር አዘዘች። ውጤቱ ቆይቶ መጣ፣ በዴሲሊትር 41 ማይክሮግራም። ልኩ ስንት ነው ብዬ ስጠይቃት፣ ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም የሚባል መጠን የለም አለችኝ። አሜሪካ ውስጥ የሕፃን ደም 3.5 ከደረሰ ምንጩ እንዲፈለግ ይደረጋል።

ስለ ወተቱ የነገረችኝን እናንተም እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ወተት እርሳስን ከሰውነት አያወጣም። እርሳስ ሰውነታችን ውስጥ ካልሲየም መስሎ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ካልሲየምና ብረት ያነሰው ሰው ሰውነቱ የበለጠ ይመጥጠዋል። በባዶ ሆድ የሚሠራም እንደዚሁ። ጠግቦ መብላት፣ ምስርና ጎመን፣ ወተቱም ጭምር ለዚህ ይረዳሉ። የገባውን ግን አያጥቡም። ደም ውስጥ ያለው በወራት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል፣ አጥንት ውስጥ የተቀመጠው ግን ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ሴት ስታረግዝ ከአጥንቷ ካልሲየም ሲወጣ እሱም አብሮ ይወጣል።

በጣም የደነገጥኩት በእጁ ነው። ምሳ እዚያው ባትሪ ቤት ነው የሚበሉት። እጃቸውን በውሃ ለቅለቅ አድርገው እንጀራ ይቆርሳሉ፣ ይጎራረሳሉ። አቧራው ጥፍር ሥር ነው ያለው። ስድስት ዓመት ሙሉ መርዙን በገዛ እጁ ሲጎርስ ኖሮ፣ ማታ በወተት አጠብኩት ብሎ ይተኛል።

ቤቱ ደግሞ የሁለት ዓመት ልጅ አለች። በሩ ሲንኳኳ ሮጣ ቱታው ላይ ነው የምትጠመጠመው። ቱታው ከእሷ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ነበር የሚታጠበው። የልጅ ሰውነት የዋጠውን እርሳስ ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ይመጥጣል፣ የሚጎዳውም ገና እያደገ ያለ አእምሮዋን ነው። እሷንም አስመረመርናት፣ 6 ሆነ። ወንድሜ ወረቀቱን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለ። ብዙ ደቂቃ አልተናገረም።

መድኃኒት የለውም እንዴ ትሉ ይሆናል። አለ፣ እርሳሱን ይዞ በሽንት የሚያወጣ። ሐኪም ግን ደም እየመረመረ ነው የሚሰጠው፣ ለሁሉም ሰውም አይሰጥም፤ አቧራው ሳይቆም መድኃኒት መውሰድም ትርጉም የለውም። ቴሌግራም ላይ "መርዝ ማውጫ" እያሉ የሚሸጡትን ዱቄትና ጠብታ እባካችሁ አትግዙ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ከዚህ መድኃኒት ጋር ስሙ የሚመሳሰል ሌላ መድኃኒት ተሰጥቷቸው፣ የደማቸው ካልሲየም ወርዶ 3 ሰዎች ሞተዋል። ሁለቱ ልጆች ነበሩ። ያውም ሕክምና ቦታ ሄደው።

ጭርቱስ? ፈንገስ ነው። ሐኪሟ መጀመሪያ ቃጠሎውን አዳነችው፣ ከዚያ ክሎትሪማዞል የሚባል ቅባት አዘዘች። ቀን ሁለት ጊዜ፣ ለአራት ሳምንት፣ ማሳከኩ ቢተወውም ሳያቋርጥ፣ ፎጣውን ለብቻው አድርጎ። ዳነ። ዋጋው ከሁለት ቀን ወተት ብዙ አይበልጥም። ፋርማሲ ሄዳችሁ "ለቆዳ" ብላችሁ ያገኛችሁትን ቅባት ግን አትቀቡ፣ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ያለበት ከሆነ ቅላቱን ያጠፋና ጭርቱን ውስጥ ውስጡን ያስፋፋዋል። ልጅ ጭንቅላት ላይ የወጣ ደግሞ በቅባት አይድንም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል።

ከቤት ሕክምና አንድ ነገር አልጥልም፣ እናቴ ለብጉንጅ የምታደርገውን። ንጹሕ ጨርቅ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ጨምቃ፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ትይዝበታለች፣ በቀን ሦስት አራቴ። ሐኪሟም ደግ አደረገች አለች። አታፍርጡት ብቻ። ትኩሳት ከመጣ፣ ቅላቱ ከሰፋ፣ ወይ ፊት ላይ ከሆነ፣ ወይ ሰውዬው ስኳር ካለበት ቤት አትቆዩ። ሎሚና ጤና አዳም ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣትም ቆዳ ያቃጥላል፣ ይህን እኔም አላውቅም ነበር።

ወንድሜ ሥራውን መተው አልቻለም። ሁለት ወር አረፈ፣ ተመለሰ። አሁን ምሳውን ከግቢው ውጭ ነው የሚበላው፣ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙናና በጥፍር ብሩሽ ታጥቦ። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ አቁመው ውሃ እያርከፈከፉ ነው። ቱታውና ጫማው እዚያው ይቀራሉ፣ ቱታውን ራሱ በሌላ ሳፋ ያጥበዋል። ባለፈው ወር ሲለካ 29 ሆኗል፣ የልጅቷ 4።

ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ወንድሜ ከሥራ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ ልጅቷ ሮጠች። እናቷ ወገቧን ይዛ አቆየቻት፣ እሱ ታጥቦና ልብስ ቀይሮ እስኪመጣ። አለቀሰች። ወተቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ገብቶ መታጠብ ጀመረ።